ሺ እግርን ለመለየት አስር እጥፍ ይበቃል፦ ስለ አንዲት ታጣፊ ሌንስ

ጫካ ስገባ ከአንገቴ የማትለይ ሌንስ አለችኝ። ታጣፊ ናት። የብረት ማቀፊያዋ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም። ጎኗ ላይ «10×» (አስር እጥፍ ታጎላለች ማለት ነው) እና «21 ሚ.ሜ.» (የመስታወቷ ስፋት) ከሚለው በቀር የተጻፈ ነገር የለም። ስለ ኩባንያ ስምም አላወራም፤ እንዲህ ዓይነቷን ብዙዎች ይሠሯታል፣ ዋናው ውስጧ ያለው መስታወት ነው። ዛሬ የምመዝናት በአንድ ሥራ ብቻ ነው። በእግር ጉዞ ላይ ሺ እግር ሲያጋጥመን «አሃ፣ ሺ እግር» ብለን ከማለፍ ይልቅ «ይሄኛው የትኛው ነው?» ብለን እንድንቀመጥ ምን ያህል ታግዘናለች?

በጣም ታግዛለች። ለዚህ ሥራ አንድ ዕቃ ብቻ ምረጪ ብባል ስልክ ላይ የሚሰካውን ማክሮ ሌንስ ትቼ እሷን ነው የማነሳው። እስካሁን ስም የወጣላቸው የሺ እግር ዝርያዎች ወደ 12,000 ይጠጋሉ። ሳይንቲስቶች በ16 ትልልቅ ቡድኖች ከፍለዋቸዋል። ቡድኖቹን የሚለያቸው ግን ቀለም ወይም ርዝመት አይደለም። ግንባር ላይ ያለች ስንጥቅ፣ ጎን ላይ የተደረደሩ ቀዳዳዎች፣ ጀርባ ላይ የቆሙ ፀጉሮች፣ አንድ ቦታ ላይ የጎደለ እግር ነው። ይሄ ሁሉ በባዶ ዓይን «የሆነ ነገር» ነው። በአስር እጥፍ ሲታይ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

መጀመሪያ ስለ መስታወቱ። የኔዋ ውስጥ ያለው አንድ መስታወት ሳይሆን ሦስት የተጣበቁ መስታወቶች ናቸው። ትሪፕሌት ይሉታል። ነጠላ መስታወት የነገሩን ጠርዝ ያጣምማል፤ ዳርና ዳሩ ላይም ሰማያዊና ቀይ መስመር ያወጣል። ትሪፕሌት ሁለቱንም ያርማል። ለሺ እግር ይሄ ቅንጦት አይደለም። ሰውነቱ የተሠራው ተከታትለው ከተደረደሩ ቀለበቶች ነው፤ የአንድ ቀለበት ጠርዝ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ካልታየ እግሮቹን በየቀለበታቸው መቁጠር አይቻልም። ቀለሙ ካልታመነ ደግሞ «እግሩ ክሬም ነው ወይስ ነጭ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

ከዚህች በፊት የነበረችኝ ሌንስ መብራት ነበራት። «30×» ተብሎም ተጽፎባት ነበር። የሚገርመው ማስመሪያ ይዤ ስለካት ነገሩ ጥርት ብሎ የሚታየው ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ነው። ይሄ ማለት እውነተኛ አቅሟ ከስድስት እጥፍ ብዙም አይዘልም። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ እናንተም ሞክሩት። 250ን ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉ። የሚወጣው ነገሩ ከሌንሱ ሊርቅ የሚገባው ሚሊ ሜትር ነው። ለ10× 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለ20× ደግሞ 12 ተኩል። እውነተኛ 30× ከሆነማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ መጠጋት አለባችሁ። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ጣታችሁን አይታችሁ ትደርሱበታላችሁ። ያቺ ሌንስ በዚያ ላይ ብሎኗ ላልቶ መስታወቷ ወድቋል፤ መብራቷ ብቻ ነው የተረፈው።

እውነተኛ 20× ብታገኙስ? ለሺ እግር አልመክርም። ማጉላት በጨመረ ቁጥር የሚታየው ቦታ ይጠባል፣ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ንብርብርም ይሳሳል። ሺ እግር ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም፤ ብዙው ደግሞ እንደ ቧንቧ ድብልብል ነው። በ20× አንዲት ቀለበት ላይ ፎከስ ስታደርጉ ሦስት ቀለበት አልፏችሁ ይሄዳል። 10× ላይ ግን ጭንቅላቱንና የመጀመሪያዎቹን ቀለበቶች አንድ ላይ ይዛችሁ መከተል ትችላላችሁ።

አያያዙም ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው ሌንስ ሲሰጡት ክንዱን ዘርግቶ ከሩቅ ያያል። እንዲያ ሲሆን የሚታየው ትንሽ ክብ ነገር ብቻ ነው። ሌንሷን ዓይናችሁ አጠገብ አድርጉ። የያዘው እጅ ጉንጭ ላይ ይረፍ። ከዚያ ሺ እግሩ ያለበትን ቅጠል ወይም ቅርፊት በሌላው እጅ ወደ ሌንሷ አምጡ። ሁለቱ እጆች ቢነካኩ ደግሞ መንቀጥቀጡ ይቀራል። እኔ መነጽር አደርጋለሁ፤ ሌንሷን ማስጠጋት የምችለው እስከ መነጽሬ ድረስ ብቻ ነው። ለዚህ ነው 21 ሚሊ ሜትር የመረጥኩት። ጠበብ ያሉት መነጽር ላለው ሰው የቁልፍ ቀዳዳ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ጫካው። ሺ እግር የሚገኘው እርጥበት ባለበት ነው። የረገፈ ቅጠል ሥር፣ የበሰበሰ ግንድ ሥር፣ ድንጋይ ሥር፣ የላላ የዛፍ ቅርፊት ውስጥ። ዝናብ ካባራ በኋላ ራሳቸው ወደ መንገዱ ይወጣሉ። ግንድ ስትገለብጡ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ከሥሩ እባብ ካለ ወደ ማዶ መውጫ ይኖረዋል። ስትጨርሱ ግንዱን በነበረበት አኳኋን መልሱት። እነሱ ቤት ነው። ሺ እግር የወደቀ ቅጠልና እንጨት እየበላ ወደ አፈርነት የሚመልስ ፍጥረት ነው፤ ግንዱ ፀሐይ ላይ ተገልብጦ ከቀረ ሥሩ የነበረው ሁሉ ይደርቃል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ ሺ እግር ነው ወይስ መቶ እግር? ይሄን ብዙ ጊዜ ያለ ሌንስም ታውቁታላችሁ። ጠፍጠፍ ብሎ፣ እግሩ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ ብርሃን ሲያገኘው ሽው ብሎ ከጠፋ መቶ እግር ነው። እሱ አዳኝ ነው፤ ጭንቅላቱ ሥር መርዝ የሚወጋበት መንጋጋ መሳይ እግር ስላለው በእጅ አይነካም። ሺ እግር ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሲደናገጥ ይጠቀለላል፣ አይናደፍም። ከተጠራጠራችሁ ሌንሷን አውጡና ሰውነቱን መሃል ላይ ከጎን እዩት። ከአንድ ቀለበት አንድ ጥንድ እግር ከወጣ መቶ እግር፣ ሁለት ጥንድ ከወጣ ሺ እግር።

መሃሉን እዩ ያልኩት በምክንያት ነው። ፊተኛው ክፍል ሕጉን አይከተልም። ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው የመጀመሪያው ቀለበት ምንም እግር የለውም፤ አንገት ላይ የተጣለ ጥምጥም ይመስላል። ቀጣዮቹ ሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንድ ጥንድ ብቻ አላቸው። ከአምስተኛው ጀምሮ ነው ሁለት ሁለት የሚሆነው። ይሄን በሌንስ ሆኖ መከተል ደስ ይላል። አንድ ጥቁር ቡናማ፣ ድብልብል፣ የጣት ርዝመት ያለው ሺ እግር እርጥብ ቅርፊት ላይ አስቀምጬ ከጎን ሳየው ብዙ እቆያለሁ። አንቴናዎቹ መሬቱን ቶክ ቶክ እያደረጉ ይቀድማሉ። ዓይኑ አንድ ዓይን አይደለም፤ በጎን በኩል የተከማቹ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ናቸው። እግሮቹ አንድ ላይ አይነሡም። ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት የሚሄድ ማዕበል አለ፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው የስንዴ ማሳ በሉት። አንዱ ማዕበል ጭንቅላቱ ጋ ሳይደርስ ሌላው ከኋላ ይጀምራል።

ከዚያ ጎኑን ተከተሉ። ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ቀለበት ጀምሮ በየጎኑ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ቀዳዳ አለ። የመከላከያ ፈሳሹ የሚወጣው ከዚያ ነው። አንዳንዱ ላይ ቀዳዳው አይታይም፣ ከሥሩ ያለው ዕጢ ግን ቀለሙ ያበራል። ብላኒዩለስ ጉቱላተስ የሚባለው ቀጭን ፈዛዛ ሺ እግር ጥሩ ምሳሌ ነው። ዓይን የለውም፤ በጎኑ ዳርና ዳር ግን ሮዝና ቀይ ነጠብጣብ ተደርድሮበታል። ያ ጌጥ አይደለም፣ ዕጢዎቹ ናቸው። በባዶ ዓይን ክር ነው። በሌንስ ከሌላ ጋር የማይምታታ ፍጥረት ይሆናል።

ሰባተኛው ቀለበት ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። ከታች እግር ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ክፍት ከሆነ ወይም እግር የማይመስል ጠመዝማዛ ነገር ካለ ያገኛችሁት የጎለመሰ ወንድ ነው። በአብዛኞቹ ቡድኖች የዚያ ቀለበት እግሮች ወደ መራቢያ መሣሪያነት ተለውጠዋል። የዝርያው ትክክለኛ መታወቂያም እዚያ ነው ያለው፤ ባለሙያዎች አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለዩት የዚያን መሣሪያ ቅርጽ በማይክሮስኮፕ አይተው ነው። ስለዚህ የሌንሷ ወሰን እዚህ ላይ ነው። ወንድ መሆኑን ትነግራችኋለች፣ ዝርያውን ግን ብዙ ጊዜ አትነግራችሁም። ሴት ወይም ጫጩት ካገኛችሁ ደግሞ በቡድኑ ወይም በቡድኑ ውስጥ ባለው ቤተሰብ ረክታችሁ ተነሡ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጥንድ እግር ብቻ ነው ያላቸው። ቆዳ በለወጡ ቁጥር ቀለበትም እግርም ይጨምራሉ። ስለዚህ ትንሽ ሺ እግር ላይ የቀለበት ቁጥርን መለያ ማድረግ አያዋጣም።

ድብልብሎቹ ውስጥ ሌላ ቀላል ምርመራ አለ። ፊቱን ከፊት ለፊት እዩት። ግንባሩን መሃል ለመሃል ወደ ታች የሚከፍል ስንጥቅ ካለ ስፓይሮቦሊዳ ከሚባለው ቡድን ነው። ይሄን ለማየት ሺ እግሩ ወደናንተ መምጣት አለበት፤ እኔ ቀጭን ጭራሮ ላይ አወጣውና ጫፉ ላይ ደርሶ አንገቱን ሲያቀና እጠብቀዋለሁ። ያኔ 10× ላይ ስንጥቋ ግልጽ ናት።

ጠፍጣፎቹ ላይ ሌንሷ ይበልጥ ታበራለች። ፖሊዴስሚዳ ይባላሉ፤ ከሺ እግር ሁሉ ብዙ ዝርያ ያለው ቡድን ነው። ከእያንዳንዱ ቀለበት ጀርባ ወደ ግራና ቀኝ የወጣ ክንፍ መሳይ ጠርዝ አላቸው። ዓይን የላቸውም፤ ፈልጉ፣ አታገኙም። አብዛኞቹ ሲጎለምሱ ሀያ ገደማ ቀለበት ላይ ይቆማሉ። ከነሱ አንዱ ኦክሲደስ ግራሲሊስ ከእስያ ተነሥቶ በተክል ማሰሮ አፈር ዓለምን አዳርሷል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የክንፎቹ ጠርዝ ፈዘዝ ያለ፣ እግሩ ክሬም። የጠርዙ ቀለም ከጀርባው ጋር የሚገናኝበትን መስመር በሌንስ አንዴ ካያችሁት ከዚያ በኋላ ቆማችሁም ትለዩታላችሁ።

ፖሊዴስሚዳዎች ሲረበሹ የሚያወጡት ሽታ የአልሞንድ ነው። ሽታው ቤንዛልዲሃይድ የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን አብሮት የሚወጣው ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባል መርዝ ነው። መጠኑ ለሰው አያሰጋም፤ ለትንሽ ጠላት ግን ይበቃል። ድብልብሎቹ የሚያወጡት ደግሞ ቤንዞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ቆዳን ያቃጥላል፣ ቡናማ አድርጎ ያቀልማል፣ ቀለሙም ቶሎ አይለቅም። ቬንዙዌላ ውስጥ ካፑቺን ጦጣዎች ሺ እግር ይዘው ፀጉራቸው ላይ ያሹታል፤ ቤንዞኪኖኑ ትንኝ ያባርርላቸዋል።

እዚህ ላይ ግን ስለ ሌንሷ አንድ ከባድ ነገር መናገር አለብኝ። ዓይናችሁ ከሺ እግሩ የሚርቀው 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንዳንድ ትልልቅ የሞቃት አካባቢ ዝርያዎች ፈሳሹን መርጨት ይችላሉ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ የእኔ ሕግ ይሄ ነው። ከጣቴ የሚረዝመውን በሌንስ አላየውም። ክዳን ያለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስገብቼ፣ በክዳኑ በኩል ነው የማየው። ትልቁን ለማየትማ አስር እጥፍ መቼ ያስፈልጋል? ትንሹንም ቢሆን በባዶ እጅ ነክቼ ዓይኔን አላሽም። እጄን በሳሙና እስክታጠብ ድረስ ምግብም አልነካም። ድንገት ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ ማጠብና ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ይሄን ማስጠንቀቂያ ሌንሷ የመጣችበት ካርቶን ላይ አታገኙትም፤ መጻፍ ነበረበት ባይ ነኝ።

የሚጠቀለሉት ላይ እንምጣ። ድንጋይ አንሥታችሁ የተጠቀለለ ኳስ መሳይ ነገር ካገኛችሁ ሁለት የማይዛመዱ ፍጥረታት ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ግሎሜሪዳ ከሚባለው ቡድን የሆነ ሺ እግር ነው። ሌላው ግን ከሸርጣን ወገን ነው፣ የብስ ላይ የሚኖር። ሲዘረጋ እግር ቁጠሩ። ሰባት ጥንድ ብቻ ከሆነ የሸርጣኑ ወገን ነው፣ ከዚያ በጣም ከበዛ ሺ እግር። ተጠቅልሎ እምቢ ካለስ? ጅራቱን በሌንስ እዩ። የሸርጣኑ ወገን ጅራት በጥቃቅን የተደራረቡ ሳህኖች ያልቃል። ሺ እግሩ ጋ ያለው ግን አንድ ትልቅ ለስላሳ ጋሻ ነው። ይሄ ልዩነት በ10× ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። እነዚህ ሺ እግሮች ደግሞ ሳያናይድም ቤንዞኪኖንም አይደለም የሚያወጡት። የሚያጣብቅ ጠብታ ነው፤ ውስጡ ግሎመሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ የበላቸውን ሸረሪት ለረጅም ሰዓት ያፈዘዋል።

የዚህች ሌንስ ትልቁ ስጦታ ግን ሌላ ነው። የላላ የዛፍ ቅርፊት ቀስ ብላችሁ አንሡና ውስጡን በሌንስ እየዳሰሳችሁ ሂዱ። የእህቴ ልጅ ናት መጀመሪያ ያየችው። «አክስቴ፣ ይሄ አቧራ ይሄዳል!» አለችኝ። «እስኪ፣ አትንኪው፣ ቅርፊቱን ብቻ አምጪልኝ» አልኳት። ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በባዶ ዓይን በእውነትም አቧራ ነው። ሌንሷ ሥር ግን ሰውነቱ በረድፍ በረድፍ በቆሙ ጥርስ ባላቸው ፀጉሮች ተሸፍኗል፤ ጎንና ጎኑ ላይ በችፍርግ ቆመዋል፣ ጅራቱ ላይ ደግሞ ሁለት ነጭ የሚያብረቀርቁ ችፍርጎች አሉ። ፖሊክሴነስ ነው፤ ፖሊክሴኒዳ ከሚባለው ቡድን። እንደሌሎቹ ጠንካራ ቅርፊት የለውም፣ መርዝ የሚያወጣ ዕጢም የለውም። መከላከያው ፀጉሩ ነው። ጉንዳን ሲመጣበት የጅራቱን ፀጉር ያራግፍባታል፣ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ አፏንና እግሯን ያስራል። ጉንዳኗ ልታላቅቀው ስትታገል ይበልጥ ትታሰራለች። ልጅቷ ሌንሷን አልመለሰችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ይሄን ፍጥረት ያለ ሌንስ ያየ ሰው ሺ እግር ነው ብሎ ለማመን ምንም ምክንያት የለውም።

ከፀጉር ሳንወጣ፣ ኮርዲዩማቲዳ የሚባሉትም አሉ። እያንዳንዱ ቀለበት ጀርባ ላይ ስድስት ፀጉር አላቸው፣ ሦስት በዚህ ሦስት በዚያ። ፀጉሮቹ ረጃጅም ሲሆኑ ሌንሷ ታሳያችኋለች። ሲያጥሩ ግን አንዳንዴ 10× ያቅታታል፤ ቀለበቱን ከጎን አድርጋችሁ ከጀርባው ጥቁር ነገር ስታደርጉ ነው የሚወጡት። የቅጠል ጥላ ወይም የጓንት ጣት ይበቃል።

ብርሃን ላይ ሌንሷ ድክመት አላት። ማቀፊያዋ የሚያብለጨልጭ ብረት ነው። ፀሐይ ስትመታት ነጸብራቁ መልሶ ሺ እግሩ ላይ ያርፋል፣ ቅርፊቱ ላይም ነጭ መስመር ይሠራል፤ እርጥብ ከሆነማ ምንም አይታይም። ጥቁር የተቀባ ማቀፊያ ያላት ብትመርጡ ይሻላችኋል። ጫካ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጨለማ ነው። ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ከጎን ማብራት ጥሩ ይሠራል፣ የቀለበቶቹ ጠርዝ ጥላ ስለሚጥል መቁጠሩ ይቀላል። ክሯ የምትገባበት ቀዳዳም ጠባብ ናት፤ ወፈር ያለ ገመድ አይገባም፣ ቀጭኑ ደግሞ አንገት ይቆርጣል።

ስልክስ? የስልኩን ካሜራ ሌንሷ ላይ ገጥማችሁ ፎቶ ማንሣት ይቻላል፣ ግን ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል። እኔ የምመክረው አንድ ሰው ሌንሷን ይዞ ሌላው እንዲያነሣ ነው። አራት ፎቶ ይበቃል፤ ጭንቅላቱ ከጎን፣ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀለበቶች ከጎን፣ ጀርባው፣ ጅራቱ። አንዱ ላይ ማስመሪያ ይግባበት። ፎቶውን እ.ኤ.አ. በ2008 በተጀመረውና ሰዎች ያዩትን ፍጥረት ፎቶ በሚለጥፉበት አይናቹራሊስት ድረ ገጽ ላይ ብታስቀምጡት ሌሎች ሰዎች አይተው ይረዷችኋል። ብዙ የሺ እግር ፎቶ እዚያ በዝርያ ሳይሆን በወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎች) ወይም በቤተሰብ ደረጃ ነው የሚቆመው። ምክንያቱ ከላይ ያልኩት ነው፤ የሰባተኛው ቀለበት ምሥጢር በፎቶ አይወጣም። ሆኖም ጎኑን ከቀለበት አንድ እስከ ስምንት ጥርት አድርጋችሁ ካነሣችሁ ለሚረዳችሁ ሰው ግማሹን ሥራ ሠራችሁለት።

እግር መቁጠር ለሚወዱ አንድ ነገር ልጨምር። ከሺ እግሮች ሁሉ በእውነት ከሺ በላይ እግር የተገኘበት ዩሚሊፒስ ፐርሴፎኒ ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ለማዕድን ፍለጋ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ 60 ሜትር ጥልቀት ላይ የተገኘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው ይፋ የሆነው። አንዷ ሴት 1,306 እግር ተቆጥሮባታል። ከዚያ በፊት ክብረ ወሰኑ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚገኘው የኢላክሜ ፕሌኒፔስ ነበር፣ 750 እግር። ዩሚሊፒስ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በኔ ሌንስ ቢታይ አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ገመድ ሆኖ ይመጣል፣ እግሮቹም ይለያሉ። ማየት የምመኘው ፍጥረት ነው። ጫካ ውስጥ የምታገኟቸው አብዛኞቹ ግን ከጥቂት መቶ አያልፉም። ጠቅላላ ቁጥሩ ለመለየት ብዙም አይጠቅምም፤ በአንድ ቀለበት ስንት ነው፣ የትኛው ቀለበት ላይ ይጎድላል የሚለው ነው የሚጠቅመው።

ውጤት ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት ለነጸብራቁና ለክሯ ቀዳዳ ነው። መስታወቷ ላይ ምንም የምነቅፈው የለኝም። ጭቃ ከነካት በልብስ ጫፍ አትጥረጓት፤ አሸዋው መስታወቱን ይቧጭራል። መጀመሪያ እፍ በሉባት፣ ከዚያ ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ። ብሎኗን አልፎ አልፎ በትንሽ መፍቻ አጥብቋት።

እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎችና ትንንሽ ልጆች 10× ይከብዳቸዋል። ለነሱ ሰፊ የሆነች 5× ይሻላል፤ ርቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ዓይን ትንሽ ራቅ ይላል (የትልልቆቹ ሕግ ግን ያው ነው)፣ የእግሮቹ ማዕበልና የጎን ነጠብጣቦች በደንብ ይታያሉ። ስንጥቅና አጭር ፀጉር ግን አትጠብቁባት። ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሌንስ ግዙ። የተጠቀለለ ሺ እግር ሲዘረጋ አንገቱንና ሆዱን የሚያሳየው ለአፍታ ነው፣ ሌንስ ከእጅ ወደ እጅ እስክትተላለፍ አይጠብቅም።